ከቀኝ አምባ ቆጥ ላይ የወረደችው

ቀኝ አምባ የምትባለው መንደር የምትገኘው በአንዲት ሴት ጎን ውስጥ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቶቿ ሥር፤ ስሟም የወጣው ከዚያ ነው። አትሳቁ ልጆቼ፤ ሰው መቼም የሆነ ቦታ መኖር አለበት። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ይኖራል፣ ሌላው አስፋልት ዳር ይኖራል፣ እነሱ ደግሞ እዚያ ይኖሩ ነበር። ኑሯቸውም ደህና ነበር።

አገሩ ሞቃት ነው። ፀሐይ የለውም፤ ግን ጨለማ አይባልም። እጃችሁን እሳት ፊት ዘርግታችሁ ስታዩት በጣቶቻችሁ መካከል የሚታየው ቅላት አለ አይደል፣ የዚያ ዓይነት ብርሃን ነው። ወንዙ ቀይ ነው። ከላይ፣ በስተግራ በኩል፣ ከበሮ ይመታል፤ ማን እንደሚመታው ሄዶ ያየ የለም። የመንደሩ ሰው ከበሮው ሲፈጥን አይፈራም፣ ሲያመነታ ነው የሚፈራው። አንዳንዴ ደግሞ የሴትዮዋ ድምፅ ይመጣል። ባለ አገሯ ይሏታል። ስትስቅ ጣራው ይንቀጠቀጣል፤ ስታስነጥስ ከመደርደሪያ ዕቃ ይወድቃል፣ ሁሉም ቀና ብሎ "ይማርሽ!" ይላል። ሰምታ አታውቅም። ግን ነውር ስለሆነ ዝም አይሉም።

ሥራቸው ወንዙን ማጥራት ነበር። ባለ አገሯ የበላችውና የጠጣችው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ደጉን ከክፉው የሚለዩት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው አንድ መሣሪያ አለው፣ ከዚያ ሌላ ሥራ አያውቅም። ውድነሽ ወንፊት ነበራት። ባሏ ደምለው ዶማ ነበረው፣ ቦይ ይጠርግበታል። አማቷ እማማ ብርቄ መጅ ነበራቸው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጠጣር ድንጋይ ላይ አድርገው ይፈጩበታል። ደምለውን ወንፊት ያዝ ብትሉት ጭንቅላቱ ላይ ይደፋው ነበር እንጂ ሌላ ነገር አይመጣለትም። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ዶማ ስለሆነ ነው።

በየቤቱ ቆጥ አለ፣ በቆጡ ላይ አንድ ሰው ይተኛል። ባለቆጧ ይሏታል። ሥራ የላትም፣ መሣሪያ የላትም፣ ስም የላትም፤ ፊቷም ገና አልወጣላትም፣ ኩፍ እስኪል ተሸፍኖ እንደተቀመጠ ሊጥ ናት። አትነቃም። በዓል ሲሆን ከንፈሯን በጣት ቅቤ ያስነኳታል፣ ይበቃታል።

ሰው ያረጃል። በቀኝ አምባ ያረጀ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ አያስቸግርም። አንድ ጠዋት መሣሪያውን ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል፣ "በሉ እንግዲህ" ይላል፣ ወደ ወንዙ ይወርድና ይሟሟል። አይለቀስም። ከቤቱ አንዱ ቆጥ ይወጣና በባለቆጧ ጆሮ የጎደለውን ይናገራል፤ "ወንፊት ጎድሏል"፣ ወይም "ዶማ ጎድሏል"። ያኔ ባለቆጧ ትገላበጣለች፣ ስትገላበጥ ሁለት ትሆናለች። አንዷ ተመልሳ ትተኛለች፣ አንዷ በመሰላሉ ትወርዳለች። የወረደችው ለጥቂት ጊዜ ልጅ ሆና ትሯሯጣለች። ከዚያ ደጃፍ ላይ ያቆሟትና መሣሪያውን አስይዘዋት "ይሄ ነሽ። ይበቃል" ይሏታል። ያቺን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይወጣል፣ እጇ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አትሆንም፣ ሁለትም አትሆንም። ዶማ ከያዘች ወንድ ትሆናለች። ደምለውም እንዲያ ነው የሆነው፣ ማንም አልገረመውም።

ከሁሉ የከፋ ነውር ግን ሁለት ነበር። ባለቆጧ በሥራ ትጠራለች እንጂ በስም አትጠራም። ቆጥም አይነካም፤ ጭስ አይደርስበትም፣ ሰው አይጮህበትም። ቤት ማለት ቆጡ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ የእማማ ብርቄ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "መጅ ጎድሏል" ተባለ፣ አንዲት ልጅ ወረደች። መጁን እስክትረከብ ድረስ ከውድነሽ ጋር ዋለች። ለልጅ ስም ማውጣት በዚያ መንደር የተለመደ አልነበረም፣ ቶሎ ስለሚያድጉ ነው። ውድነሽ ግን ሽቱ አለቻት። ለምን እንዳለቻት ራሷም አታውቅም፤ ከአፏ ወጣ።

ሽቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ነበረባት፣ በዚያ እያፏጨች ውሃ ትተፋበታለች። ቀልድ ልትናገር ስትል ራሷ ቀድማ ትስቅና ቀልዱ ሳይነገር ይቀራል። ከበሮው ሲመታ እሷ ሆን ብላ ከምቱ ውጪ ታጨበጭባለች። ውድነሽ "ተይ፣ ታሳስቺዋለሽ!" ትላታለች፣ ልጅቷ ደግሞ "እሱ ነው የሚሳሳተው" ትላለች።

አንድ ቀን ከላይ እልልታ ተሰማ። ባለ አገሯ ሰርግ ተጠርታ ነበር። አረቄ ጠጣች። ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ ሽቱ ዳር ላይ ቆማ በጥርሷ ታፏጭ ነበር። ወሰዳት። ውድነሽ ወንፊቷን ዘረጋች፤ ልጅቷ በወንፊቱ ዓይኖች በኩል አለፈች፤ ከላዩ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

በቀኝ አምባ ሐዘን የሚባል ነገር አይታወቅም ነበርና ውድነሽ ምን እንደያዛት የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

"ምነው ልጄ፣ ወንፊትሽ ይንጠባጠባል" አሏት እማማ ብርቄ።

"ወንፊቱ አይደለም እማማ፣ እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ሰው ይንጠባጠባል እንዴ?" አሉና ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ የት ጋ እንደተቀደደች ሊያገኙ አልቻሉም። "በይ ውጪና መጅ ጎድሏል በያት። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።"

ውድነሽ ቆጥ ወጣች። ባለቆጧ እንደ ወትሮዋ ተሸፋፍና ተኝታለች። ውድነሽ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮዋ ላይ አደረገች። "መጅ" ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ሽቱ" አለች።

ባለቆጧ በሕይወቷ ስም ሰምታ አታውቅም። ዓይኖቿን ከፈተች። ከዚያ በፊት ዓይን አልነበራትም።

ተገላበጠች፣ ሁለት ሆነች፣ አንዷ ወረደች። መሰላሉን ስትወርድ ታፏጭ ነበር። ጥርሷ መካከል ክፍተት አለ። ውድነሽ በደስታ እየሳቀች ከኋላዋ ወረደች። ደጃፉ ላይ እማማ ብርቄ መጁን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

"ነይ እስቲ፣ ያዥ ልጄ።"

"ትንሽ ትጫወት እማማ" አለች ውድነሽ።

"እጄን አታዪውም?"

"ምን ያስቸኩላል? ነገ ትያዝ።"

"እሺ ቃሉንስ በያት። መጁ ነገም ይደርሳል፣ ቃሉን ግን በያት።"

"ነገ እላታለሁ።"

ልጅቷ ሁለቱንም አየቻቸውና "እማዬ፣ ምን ልሁን?" አለች።

"ምንም አትሁኚ" አለቻት ውድነሽ፣ ፀጉሯን እየዳሰሰች። "ሽቱ ነሽ። ዝም ብለሽ ተጫወቺ።"

በማግሥቱ መኝታው ላይ ሁለት ሽቱዎች ተኝተው ተገኙ። ውድነሽ አንዷን ስታቅፍ አንዷ እንዳይከፋት ብላ ሁለቱንም አቀፈች። ደምለው ጠዋት ተነሥቶ አያቸውና "ለቁርስ ይበቃል?" ብቻ ነው ያለው። ለቁርስ በቃ። ለምሳ ግን ተጨማሪ መጡ።

ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፣ ይህን ልንገራችሁ። አይሰርቁም፣ አይሳደቡም። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ፤ ሲተኙም ይበዛሉ። ሁሉም እየመጡ ውድነሽን "እማዬ፣ ምን ልሁን?" ይሏታል፣ እሷም ለሁሉም ያንኑ ትመልሳለች። የመጀመሪያዎቹ ቁርጥ ሽቱን ነበሩ። ኋላ ኋላ መልካቸው እየተሳሳተ መጣ። አንዷ ጥርሷ መዳፏ ላይ በቀለ። አንዷ ፀጉር ብቻ ሆነች፣ ከፀጉሩ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። ውድነሽ እሷንም አበጠረቻት።

ውሃ ሲጠማቸው ደምለው በጠረገው ቦይ አልጠጡም። በጣቶቻቸው መሬቱን እየጫሩ ከወንዙ የራሳቸውን ቦይ ወደ ራሳቸው መኝታ ሳቡ። ቦዩ ጠማማ ነው፣ መነሻውም መድረሻውም አይታወቅም፤ ውሃው ግን ታዘዘላቸው። ደምለው ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ያየው ነበር።

"የኔ ቦይ ደረቀ" አለ።

"ልጆች ናቸው" አለችው ውድነሽ።

"እሱማ ልጆች ናቸው። የኔ ቦይ ግን ደረቀ።"

እማማ ብርቄ እጃቸው ጨርሶ እምቢ ሲል መጁን ደጃፍ ላይ አስቀመጡ። "በሉ እንግዲህ" አሉ፣ ዞረው ልጆቹን አዩ፣ ተጨማሪ ነገር ሊሉ ፈልገው ተዉትና ወደ ወንዙ ወረዱ። ደምለው ራሱ ቆጥ ወጥቶ "መጅ ጎድሏል" አለ። የወረደችው ሽቱ ነበረች። መጁን አልነካችውም፤ ዘላው አለፈች። መጁ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ውስጥ ጠጣር ነገር ሳይፈጭ ያልፍ ጀመር።

ከላይ የባለ አገሯ ድምፅ መጣ። "እዚህ ጋ፣ ጎኔን፣ የሆነ ነገር ይወጋኛል" አለች። የምታናግረው ሰው ምን እንዳላት አልተሰማም። "አይ፣ የበላሁት ነገር ይሆናል" አለች ቀጥላ፣ ሳቀችም፤ ጣራው ግን እንደ ድሮው አልተንቀጠቀጠም።

ነጭ ለባሾች ነበሩ፣ በወንዙ ላይ የሚዘዋወሩ። የሚያጋጥማቸውን ሁሉ "ሥራሽ ምንድነው?" ብለው ይጠይቃሉ፣ መሣሪያውን ያያሉ፣ ያልፋሉ። መሣሪያ የሌለው ከሆነ ይውጡታል። ደንቡ ነው፤ ቂም የለበትም። አለቃቸው አያ ግዛው ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ቀን ውድነሽ ደጅ ቆመ።

"ቤትሽ ሰው በዝቷል አሉ።"

"ዘመድ ነው አያ ግዛው። ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

"አንገባም። ያቺ ማናት?" ጥርሷ መዳፏ ላይ ያለችውን ነው። "ሥራዋ ምንድነው?"

ልጅቷ ወደ ውድነሽ ዞረች። እጇን ስታነሣ ጥርሶቹ ብልጭ አሉ። አያ ግዛው አፉን በጥቂቱ ከፈተ።

ውድነሽ በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብትናገር ይህ ወሬ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ወንፊቷን ከጭኗ ላይ አንሥታ ልጅቷን አስያዘቻት። ቃሉን ግን አላለቻትም፤ ወንፊቱን ብቻ።

"ወንፊት ናት" አለች። "የኔ ልጅ ናት። እኔ እመሰክርላታለሁ።"

አያ ግዛው ወንፊቱን አየ። የቀኝ አምባ ወንፊት ነው፣ እንከን የለውም። አፉን ዘጋ። "አንቺ ካልሽ እሺ" አለና ሄደ። ወንፊቱ በዚያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ ነጭ ለባሾቹ ያገኟት ሽቱ ሁሉ ወንፊት ይዛ ተገኘች።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቤቱ ጠበባቸው። በወንዙ እየተንሳፈፉ ወደ ሌላ መንደር የሄዱ አሉ፤ ወደ ሳንባ አገር፣ ወደ አጥንት አገር። የቀሩት ጎረቤት ገቡ። እትዬ ሸጊቱ የምትባል ጎረቤት ነበረች፣ ሙቀጫ ነበራት። አንድ ጠዋት እየሮጠች መጣች።

"አንቺ ውድነሽ! ልጆችሽ ሙቀጫዬ ውስጥ ተኝተዋል።"

"ሲነሱ ይመጣሉ እትዬ።"

"አይነሱም እኮ! ውስጡ ሞልቶ አፉ ላይ ደርሰዋል። ባሌን ከአልጋው ገፍተው አወረዱት። ወንዝ አልወረደም፣ አላረጀም፤ ቦታ አጥቶ ቆሞ ሞተ!"

"ምን ላድርግ እትዬ?"

"ቃሉን በያቸው!"

ውድነሽ ዙሪያዋን አየች። በየጥጉ፣ በየምሰሶው ሥር፣ ያ የጥርስ ክፍተት ነበረ። ቃሉን ብትል ክፍተቱ እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ አንዷ መጅ፣ አንዷ ሙቀጫ፣ አንዷ ዶማ ይሆናሉ፣ ሽቱ የምትባል አትኖርም።

"ነገ" አለች።

ከበሮው በዚያን ቀን አመነታ። ልጆቹ ከምቱ ውጪ ሲያጨበጭቡ ነው የዋሉት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከላይ ወሬ ተሰማ። "ጠጪው" ይላል አንድ ድምፅ። "ይመራል" አለች ባለ አገሯ። "ይምረር፣ ጠጪው። ፀጉርሽን ይወስደዋል፣ በኋላ ይመለሳል።"

ኮሶው በወንዙ መጣ። ወንዙ ቀይነቱን ትቶ ወደ ዝገት መልክ ዞረ። ኮሶ ሰው አይመርጥም፤ ፈጥኖ የሚሠራውንና ፈጥኖ የሚበላውን ግን ቀድሞ ያገኘዋል። የመንደሩ ሰው ፀጉር ከየራሱ ተነሥቶ በወንዙ ሄደ፣ የጣራው ሣር ሳይቀር ሄደ። ደምለው ዶማውን እንደያዘ እያስመለሰ ተንበረከከ። ልጆቹ ደግሞ ውሃውን ሁሉ ወደ ራሳቸው ስበውት ስለነበር ከማንም በላይ ጠጡ። ውሃ እንደነካው ጨው ከእግራቸው ጀምረው ይጎድሉ ጀመር። አላለቀሱም። በየተራ ወደ ውድነሽ እየመጡ፣ መምጣት እስከሚችሉበት ድረስ፣ "እማዬ፣ ምን ልሁን?" ይሏት ነበር። የመጨረሻዋን ውድነሽ እጇን ይዛት ነበር። እጇ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ውድነሽ የያዘችው የራሷን እጅ ሆነ።

መንደሩ ጸጥ አለ። እህል የሌለበት ጎተራ ጸጥታ ነው። ደምለው ተነሥቶ ጠማማውን ቦይ አፈር አለበሰው። ከበሮው ምቱን አገኘ። ከላይ ባለ አገሯ "ጠፍቷል አሉኝ!" ብላ ስትጮህ ተሰማ፣ እልልታም ተከተለ፤ የመንደሩ ሰው መላጣውን እየዳሰሰ "እንኳን ደስ አለሽ!" አላት። አልሰማችም።

እትዬ ሸጊቱ ፀጉሯ የነበረበትን በሻሽ ሸፍና መጣች። ተቀመጠች፣ ውሃም አልጠየቀችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቆጡን አይተሽዋል?"

"ቆጥ አይነካም እትዬ።"

"ንኪው አላልኩም፣ አይተሽዋል ወይ ነው ያልኩት። ኮሶው ደርሶታል?"

"ወንዝ ቆጥ ላይ አይወጣም። እሷም ተኝታለች፣ ከንፈሯን ካላስነኳት አትቀምስም።"

"እንደሱ ነው የፈራሁት" አለች ሸጊቱ። "እዚያ የተኛችው ስሟን ሰምታለች። የነዚያ ሁሉ እናት እሷ ናት እንጂ አንቺ አይደለሽም። ነገ ስትገላበጥ ሌላ ነገር ትወልዳለች ብለሽ ነው? እሳት ልቀቂበት።"

"ካቃጠልኩትማ ደምለው ሲያረጅ ማን ይተካዋል?"

"ማንም።"

"እኔንስ?"

"ማንም። ቤትሽ ያልቃል። ከበሮው ግን ይመታል። ቀኝ አምባ ደግሞ ሌሎች ቤቶች አሏት።" ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ደጃፉ ላይ ያለውን መጅ አየችው፣ ተራምዳው ሄደች። "ሁለተኛውን ኮሶ ባለ አገሯ አትችለውም" አለች ሳትዞር። "ድምፅዋን ሰምተሽ የለም?"

ውድነሽ በአንድ እጇ በገል ፍም ይዛ፣ ወንፊቷን በሌላው እጇ ይዛ መሰላሉን ወጣች። ወንፊቱን ለምን እንደያዘች አላሰበችበትም፤ ወንፊት ስለሆነች ነው።

ባለቆጧ ተኝታለች። ፊት አላት። ሽቱ ናት፤ ፀጉሯ እንኳ አልሄደም። በጥርሷ ክፍተት ትንፋሽዋ ሲገባና ሲወጣ በቀጭኑ ያፏጫል። ብርድ ልብሱ ሥር ከሁሉም ቦታ የበለጠ ይሞቃል። ውድነሽ ፍሙን አስጠግታ አየቻት። የመኝታዋን ሣር አንድ ጊዜ ብታስነካው በቂ ነበር።

ልጅቷ ዓይኗን ሳትከፍት "እማዬ፣ ምን ልሁን?" አለች።

ውድነሽ ቁጭ አለች። ፍሙ እጇ ላይ አመድ እየለበሰ፣ እየደበዘዘ ሄደ፤ አላራገበችውም። ሲጠፋ ገሉን አስቀመጠችው። የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ ወንፊቷን አስያዘቻት።

"ይሄ ነሽ" አለች። ቀጥሎ ያለውን ለማለት ብዙ ቆየች፤ ታች ደምለው ቦይ ሲጠርግ ይሰማታል። "ይበቃል።"

ልጅቷ ቀና አለች። የጥርሷ ክፍተት ተዘጋ። ጉንጯ ወረደ፣ ግንባሯ ላይ መስመር ገባ፣ እጇ ጠነከረ። ፊቷ የውድነሽ ፊት ሆነ። ውድነሽን አየቻት፤ ሰው የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንደሚያየው ነበር። ከዚያ ሥራ እንደረፈደባት ሁሉ ቸኩላ በመሰላሉ ወረደች። አልተገላበጠችም፣ ሁለት አልሆነችም። መኝታው ባዶ ቀረ።

ታች ደምለው "ውዴ፣ ወንዙ ዛሬ ደህና ነው" ሲል ተሰማ።

"እስቲ ልየው" አለች ባለወንፊቷ።

ውድነሽ መሣሪያ አልነበራትም። መሣሪያ የሌለው ሰው ታች ቦታ የለውም፤ አያ ግዛውም ይህን ሊያሳልፍ አይችልም። ቤት ደግሞ ያለ ባለቆጥ ቤት አይደለም። ስለዚህ ልጅቷ በተኛችበት ሙቀት ላይ ተጋደመችና ብርድ ልብሱን ሳበች። ከባድ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ወንፊት እንዴት እንደሚያዝ ረሳች። ቀጥላ የደምለውን ፊት ረሳች፣ እማማ ብርቄን ረሳች፣ ወንዙ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ረሳች። ጣቶቿ ለሰለሱ። አፍንጫዋ ገባ፣ ዓይኖቿ ተከደኑ፣ የተከደኑበትም ምልክት ጠፋ። የአፏ ስንጥቅ ብቻ ቀረ።

መንደሩ ሥራውን ቀጠለ። የሰው ፀጉር በቀለ፣ የጣራው ሣር በቀለ። እትዬ ሸጊቱ በቤቱ በኩል ስታልፍ ጭስ ይኖር እንደሁ ቀና ብላ ታያለች፣ ጭስ የለም፣ ልጅም የለም፤ ደጃፉ ላይ ባለወንፊቷ ትሠራለች፤ ሰላምታ ትሰጣለች፣ አትንጠባጠብም። ሸጊቱ እያደር ማየቱን ተወችው።

በዓል ሲደርስ ባለወንፊቷ በጣቷ ቅቤ ይዛ ቆጥ ወጣች። ባለቆጧ ተሸፋፍና ተኝታለች፣ ፊቷ ሊጥ ነው፣ እንደ ደንቡ። ባለወንፊቷ ከንፈሯን ልታስነካት ጎንበስ ስትል ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ አየች። ቃል ነው። ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሁሉን የረሳች እሱን ብቻ አልለቀቀችውም፣ እየደጋገመች ራሷ ለራሷ ጆሮ ትለዋለች።

ከላይ የባለ አገሯ ድምፅ ይመጣ ነበር። "ዛሬስ ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ትላለች ለአንድ ሰው። "እህሉም እሺ ብሎኛል።"

"ሽቱ" አለ ስንጥቁ።

ብርድ ልብሱ ሥር አንድ ነገር ተገላበጠ።

"አቤት እማዬ" አለ፣ እያፏጨ።